“ተመዝግቧል” ያለው ማነው?

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ አበው። ምክሩ ለሰው ልጅ ጥሩ ነው፤ ያልተናገሩት ነገር አያስከስስም፣ አያስወቅስም። ለኮምፒውተር ግን አይሠራም ባይ ነኝ። ኮምፒውተር ዝም ሲል ጦሱ የሚተርፈው ለባለ እህሉ፣ ለባለ ገንዘቡ፣ ለባለ ጉዳዩ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ “የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ምን አገባው?” የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ግን ነገሩ የእኛም የሙያ ጉዳይ መሆኑን ትስማማላችሁ ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ታናሽ እህታችንን ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ስናሳፍር ምን እንላታለን? “ስትደርሺ ሚስኮል አድርጊ” እንላታለን። ከዚያ ወደ ሥራችን እንሄዳለን እንጂ መንገድ ላይ ቆመን አንውልም። ስልኩ ሲጠራ መድረሷን እናውቃለን። ጃቫስክሪፕት የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2009 ኖድ ጄኤስ ከመጣለት ወዲህ በሰርቨር በኩል በሰፊው ይሠራበታል፤ አሠራሩም እንደዚሁ ነው። ፕሮግራሙ ዳታቤዙን “ይህን አስቀምጥልኝ” ይለዋል፤ እስኪያስቀምጥ ግን ቆሞ አይጠብቅም፤ ሌላ ሥራውን ይቀጥላል። ዳታቤዙ ሲጨርስ የሚጠራ ትንሽ ሥራ ግን አብሮ ይሰጠዋል። ይህ ኮልባክ ይባላል፤ እኛ መልሶ ጥሪ እንበለው። መልሶ ጥሪው ሲመጣ ከሁለት አንዱን ይዞ ይመጣል፤ ስህተት ካለ ስህተቱን፣ ከሌለም የተቀመጠውን መዝገብ።

ሦስተኛ ዕድልም አለ። ጥሪው ጭራሽ ላይመጣ ይችላል። “አልቻልኩም” አይል፣ “አስቀምጫለሁ” አይል፤ ዝም ነው። ፕሮግራመሮች ከሁሉም በላይ የሚያማርሩት ይህንኛውን ነው፤ ምክንያቱም ስህተት ካወጣ መነሻ ይኖርሃል፣ ዝም ካለ ግን ከየት ትጀምራለህ?

ይህን ነገር በዓይኔ ያየሁት ባለፈው ጥር ለእረፍት አገር ቤት በሄድኩበት ጊዜ ነው። በቡሬ ዙሪያ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የገበሬዎች ማኅበር አለ። ከገበሬው በቆሎና በርበሬ ተረክቦ፣ ሸጦ፣ በኋላ ሂሳብ ያካፍላል። ድሮ ርክክቡ የሚመዘገበው በካርቦን ደረሰኝ ነበር። ከጊዜ በኋላ አንድ ባለሙያ ፕሮግራም ሠራላቸውና ደረሰኙ ቀረ። መዝጋቢው ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ የእህሉን ዓይነትና ኪሎ ሞልቶ “አስቀምጥ” የሚለውን ይጫናል፤ አለቀ። የክፍያው ቀን ሲደርስ ግን የ11 ሰዎች ስም ከመዝገብ ጠፋ። እህላቸውን አምጥተዋል፣ መዝጋቢው ያስታውሳቸዋል፣ ጎረቤት ይመሰክርላቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን አያውቃቸውም።

ከ11ዱ አንዷ ከወንበርማ በኩል በአህያ በርበሬ ጭነው የመጡ እናት ናቸው። ያስረከቡ ዕለት መዝጋቢውን “ልጄ፣ ብጣሽ ወረቀት እንኳ አትሰጠኝም?” ብለውት ነበር አሉ። “እማማ፣ ወረቀት ቀርቷል፤ አሁን ኮምፒውተሩ ይዞታል” አላቸው። እሳቸውም “እሱ ከያዘው እኔ ምን ያዝኩ?” ብለው ሄዱ። እኔ ስለ መረጃ አያያዝ ብዙ ሌክቸር ሰምቻለሁ፤ ከዚህች ጥያቄ የበለጠ ግን አልሰማሁም።

ማኅበሩ የአክስቴን ልጅ ጠራት። ኮምፒውተር ሳይንስ ትማራለች። እኔም አብሬያት ሄጄ ሁለት ቀን አጠገቧ ዋልኩ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር እንደሚባለው፣ ሥራው መጠርጠር ነበር።

የመጀመሪያ ተጠርጣሪዋ ግንኙነቱ ነው። ፕሮግራሙን ሞንጎ ዲቢ ከሚባለው ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ሞንጉስ የሚባል መሣሪያ ነው። ሞንጉስ አንድ ጠባይ አለው፤ ከዳታቤዙ ጋር ሳይገናኝም ትእዛዝ ይቀበላል። ወረፋ ያስይዝና በሩ ሲከፈት ያደርሳል። በሩ ካልተከፈተስ? በቀደሙት እትሞቹ ትእዛዙ እዚያው ወረፋ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ስህተት የለ፣ መልስ የለ። በኋለኞቹ እትሞች ግን 10 ሰከንድ ጠብቆ ጊዜው አለፈ የሚል ስህተት ያወጣል። ስለዚህ የግንኙነቱን ሁኔታ የሚናገረውን ቁጥር በስክሪን ላይ አስወጣችው። 0 ከሆነ ተቋርጧል፣ 1 ከሆነ ተገናኝቷል፣ 2 ከሆነ ገና እየተገናኘ ነው። 1 አለ። ግንኙነቱ ደህና ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ በሩ ሁለት መሆኑ ነው። አንዳንዱ ፕሮግራመር አዲስ ግንኙነት ለብቻው ይከፍትና መዝገቡን ግን በዋናው ግንኙነት ላይ ይሠራዋል። አንዱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ትእዛዙ የቆመው ግን ማንም ባልከፈተው በር ላይ ነው። ይህም አልነበረም። ሦስተኛው የእትም ጉዳይ ነው። ሞንጉስ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው 7ኛ እትሙ ኮልባክን ጨርሶ ትቶ ፕሮሚስና አዌይት በሚባሉት ብቻ መሥራት ጀምሯል። የድሮ ማስተማሪያ ይዞ በአዲሱ እትም የሚሞክር ተማሪ መደናቀፉ አይቀርም። ያኛው ግን ቢያንስ ይጮሃል፤ ከእንግዲህ ኮልባክ አልቀበልም ብሎ ስህተት ያወጣል። የማኅበሩ ፕሮግራም የተሠራው በአሮጌው እትም ስለሆነ እሱም ነፃ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ያደረገችው ነገር የእኛን ሙያ አስታወሰኝ። ወሬ ስናጣራ “መጨረሻ ላይ ያየው ማነው?” ብለን አይደል የምንጀምረው? እሷም በየመንገዱ ምልክት አስቀመጠች። ከማስቀመጡ በፊት 1 ብሎ እንዲያትም፣ ወደ ማጣሪያው ሲገባ 2፣ ከማጣሪያው ሲወጣ 3፣ መልሶ ጥሪው ሲመጣ 4። ማጣሪያ ያልኩት መዝገቡ ከመቀመጡ በፊት የሚያልፍበትን ቦታ ነው፤ እዚያ ስልኩ ይስተካከላል፣ ስሙ ይታያል። የራሷን ስም ሞልታ ሞከረችው። 1፣ 2፣ 3፣ 4። ያለምንም ችግር ተመዘገበ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም 4 ደረሰ። “ምንም የለበትም እኮ!” አለች።

እኔ ስለ ኮዱ የምለው አልነበረኝም፤ የምችለው ሰው መጠየቅ ነው። የጠፉትን የ11 ሰዎች ስም ዝርዝር ይዤ ከመዝጋቢው ጋር አንድ በአንድ አየናቸው። ከየት መጡ? ከተለያየ ቀበሌ። ምን አመጡ? ግማሹ በቆሎ፣ ግማሹ በርበሬ። መቼ መጡ? በተለያየ ቀን። ወንድም ሴትም አሉበት። በመጨረሻ ስልካቸውን ስጠይቅ መዝጋቢው “እነዚህማ ስልክ የላቸውም” አለኝ። የአክስቴ ልጅ ቀና አለች። ስልኩን ባዶ ትታ አንድ ስም ሞላች፣ “አስቀምጥ”ን ተጫነች። 1 አለ፣ 2 አለ፣ ከዚያ ዝም። ክቧ ብቻ ትዞራለች።

ማጣሪያው ውስጥ ያለው ነገር እንዲህ ነው። ስልኩ በ09 ከጀመረ ወደ 251 ይቀይርና በመጨረሻ “ኔክስት” ይላል፤ ወደ ቀጣዩ እለፍ ማለት ነው። ስልኩ ባዶ ከሆነ ግን የሚስተካከል ነገር የለም ብሎ ከመንገድ ይመለሳል፤ “ኔክስት” ሳይል። “ኔክስት” ካልተባለ ሞንጉስ ይጠብቃል። ቅድም ያልኩት የ10 ሰከንድ ገደብ የግንኙነቱን ወረፋ እንጂ ይህንን አይመለከትም። ስለዚህ ማጣሪያው ውስጥ የገባው መዝገብ ኮምፒውተሩ እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ነው። ስህተት አልተፈጠረም፣ ምክንያቱም አልተሳካም ያለ የለም። መዝገብም አልተፈጠረም።

ልብ በሉ እንግዲህ። የጎደለችው አንዲት ቃል ናት። የጠፉት ግን በዕጣ የወጡ ሰዎች አይደሉም። ስልክ ያላቸው ሁሉ ተመዘገቡ፤ ስልክ የሌላቸው ሁሉ ቀሩ። ደውለው “ገንዘቤስ?” ብለው መጠየቅ የማይችሉት፣ ከሩቅ በእግራቸው የሚመጡት፣ ከሁሉም ይልቅ ያ ክፍያ የሚያስፈልጋቸው ናቸው የተለዩት። ማንም ይህን አስቦ አላደረገውም። ዝምታው ግን ሳያስብም ደካማውን መርጦ ያዘ።

ታዲያ መዝጋቢው የምትዞረዋን ክብ ሲያይ ምን አለ? “ኔትወርክ ነው” አለ። ገጹን ዘግቶ ከፈተና ቀጣዩን ሰው ጠራ። አልፈርድበትም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። “ኔትወርክ የለም” የሚለው አነጋገር ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ነገር መልስ ሆኗል፤ ለዘገየው፣ ለጠፋው፣ ለተረሳው ሁሉ። የሚያሳዝነው ግን የማኅበሩ ዳታቤዝ ያለው ከዚያው ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ባለው ኮምፒውተር ላይ መሆኑ ነው። መረጃው ከክፍሉ አይወጣም። ኔትወርክ ኖረ አልኖረ አያገባውም። የምናውቀው ችግር የማናውቀውን ሸፈነልን።

በእኔ እይታ ዋናው ጥፋት ያቺ ቃል መጉደሏ አይደለም። ቃል ይጎድላል፤ የማይሳሳት ፕሮግራመር የለም። ጥፋቱ መልስ ሳይመጣ “ተመዝግቧል” መባሉ ነው። ፕሮግራሙ አልመለሰም፤ ስክሪኑ አልተናገረም፤ መዝጋቢው ግን በእነሱ ስም መልስ ሰጠ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ አይደለም ወይ?

ይህ የአንድ ማኅበር ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የሞንጎ ዲቢ ሠሪዎች ራሳቸው በዚሁ መንገድ አልፈዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፕሮግራሞች ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኙባቸው መሣሪያዎች አንድ ነገር አስቀምጡ ሲባሉ በልማድ ትእዛዙን ልከው ዝም ነበር የሚሉት፤ መድረሱን አይጠይቁም። ፍጥነት ነበር የተፈለገው። ብዙ ትችት ከደረሰባቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 ልማዱን ቀየሩት፤ ከዚያ ወዲህ ተቃራኒውን ካላዘዝከው በስተቀር ዳታቤዙ ተቀብያለሁ እስኪል ይጠበቃል። ዓለም የሚጠቀምበት ድርጅት እንኳ ዝምታ መልስ እንዳልሆነ በተግባር አምኗል ማለት ነው።

እኛም አገር ባለ ሱቁ ይህንን ያውቃል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ዕቃ ገዝተን ብር ስንልክ ባለ ሱቁ የእኛን ስክሪን አያምንም። “ልኬያለሁ፣ ይኸው” ብንለው “ቆይ፣ ለእኔም ይድረሰኝ” ይላል። የራሱ ስልክ ካልጮኸ ስኳሩን አያቀብልም። ኮልባክ የሚለውን ቃል በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም፤ ትርጉሙን ግን ከብዙዎቻችን በላይ ያውቃል።

የመንግሥት ንብረት ክፍልም ጥንት ያውቀዋል። ዕቃ ገቢ ሲሆን ሞዴል 19 ይቆረጣል። ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ቢታይም ገባ አይባልም። አስረካቢው ኮፒውን ይዞ ይሄዳል። መልሶ ጥሪ ማለት ይህ ነው፤ በወረቀት፣ በፊርማ፣ በተራ ቁጥር። ወደ ኮምፒውተር ስንሻገር ወረቀቱን ጣልነው፤ ወረቀቱ ይሠራ የነበረውን ሥራ ግን ማን ይሥራው ብለን አልጠየቅንም።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የረሳው አይመስለኝም። ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ አወጡ፣ አስተላለፉ። በኋላ እንደተነገረው ገንዘቡ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ባንኩ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጿል። ቴክኒካዊ ምክንያቱ ከማኅበሩ ጋር አንድ ነው እያልኩ አይደለም። ማለት የፈለግኩት ሌላ ነው። ያኔ መዝገቡ የተሳሳተው በባንኩ ላይ ነበር፤ ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ በይፋ እስከ መለጠፍ ተደረሰ፤ አብዛኛው ገንዘብም ተመለሰ። መዝገቡ በገበሬው ላይ ሲሳሳትስ? የማንን ፎቶ ማን ይለጥፍለታል? ትልቁ ሲጎድልበት አገር ይሰማል፤ ትንሹ ሲጎድልበት ክቧ ትዞራለች።

አንዳንድ ጓደኞቼ “ታዲያ ወደ ወረቀት እንመለስ ነው የምትለው?” ይሉኛል። አይደለም። ካርቦን ደረሰኝም ይቀደዳል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ሐሰተኛም ይሠራበታል። ኮምፒውተሩ በአንድ ደቂቃ የሚደምረውን በእጅ ለመደመር ሳምንት ይፈጃል። የምለው ኮምፒውተሩ ከደረሰኙ ያነሰ ነገር አይስጠን ነው። ሌሎች ደግሞ “አንዲት ቃል ተጨምራ ተስተካክሏል፤ ምን ያስጮሃል?” ይላሉ። እውነት ነው፣ ለማስተካከል አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የ11ዱ ሰዎች ጉዳይ ግን በአምስት ደቂቃ አላለቀም። መጋዘን ጠባቂው ለራሱ ብሎ በእርሳስ የጫጫራት ደብተር ባትኖር ኖሮ ሁሉም ባዶ እጃቸውን በቀሩ። በዚያች ደብተር የ9ኙ ተገኘ። የሁለቱ እስከ ተመለስኩበት ቀን ድረስ ክርክር ላይ ነበር።

እንግዲህ ሦስት ነገር እላለሁ። የመጀመሪያው ለኮምፒውተር ተማሪ ወንድምና እህቶቻችን ነው። ስትፈትኑ ሁሉን ነገር በሞላ ሰው ብቻ አትፈትኑ። ስልክ በሌለው፣ የአያት ስም ባልሞላ፣ ቀበሌው በተቀየረ ሰው ፈትኑ። አጠገባችሁ የሌለው ሰው ነው ፕሮግራማችሁ ውስጥ የሚጠፋው። የአክስቴ ልጅ ያቺን ቃል ጨምራ አላቆመችም። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ስክሪኑ በቀይ “አልተመዘገበም” እንዲል አደረገችው። 10 ሰከንድ ካለፈ ክቧ ቆማ “እንደገና ሞክር” ይላል። እንደገና ሲሞከር ደግሞ አንድ እህል ሁለቴ እንዳይመዘገብ ለእያንዳንዱ ርክክብ አስቀድሞ የታተመ ተራ ቁጥር ሰጠችው፤ ያንኑ ቁጥር ዳታቤዙ ሁለተኛ ጊዜ አይቀበልም።

ሁለተኛው ለመሥሪያ ቤቶች ነው። ሲስተም ዘረጋን ብላችሁ ሪባን ከመቁረጣችሁ በፊት “ባለ ጉዳዩ ምን ይዞ ይሄዳል?” በሉ። ስልክ ላለው አጭር መልእክት፣ ለሌለው ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት። ወጪው ከሻይ አይበልጥም። ባለ ጉዳዩ በእጁ ምንም ሳይዝ የሚሄድበት ሲስተም የሚያገለግለው ባለ ጉዳዩን ሳይሆን መሥሪያ ቤቱን ነው።

ሦስተኛው ለእኛው ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነው። “በዘመናዊ ቴክኖሎጂ የታገዘ አገልግሎት ተጀመረ” የሚል ዜና ስንት ጊዜ ሠርተናል? ኃላፊው ይናገራል፣ እኛ እንጽፋለን፣ ይታተማል። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ስማቸው የጠፋ ሰዎችን ዝርዝር የሚጠይቅ ግን የለም። ስህተቱ የተገኘው ኮዱን በማንበብ ብቻ አልነበረም፤ የጠፉት ሰዎች እነማን ናቸው፣ ምን ያመሳስላቸዋል ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ይህ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው። ኮድ መጻፍ አይጠበቅብንም፤ መልስ ያላገኘውን ሰው ፈልገን መጠየቅ ግን ይጠበቅብናል።

ስለዚህ ነገ በቀበሌም፣ በባንክም፣ በትምህርት ቤትም መስኮት ላይ “ተመዝግቧል፣ ይሂዱ” ስንባል ወዲያው ዘወር አንበል። በትህትና አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ ተመዝግቧል ያለው ማነው? ኮምፒውተሩ ነው ወይስ እርስዎ?